ዶሮዎቹን ያጾምንበት ዘመን

ጆንያ ፀሐይ ሲመታው የራሱ ሽታ አለው። አቧራ ብቻ አይደለም፤ የቃጫና ውስጡ የከረመ የፉርሽካ ሽታ ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የመኝታ ቤታችንን መስኮት በጆንያ ስሸፍን ያ ሽታ መጣብኝና ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ትንሽ ቆየሁ። በእኔ ዕድሜ ወንበር ላይ ቆሞ በሐሳብ መሄድ ጥሩ አይደለም። ወርጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ገመቹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ሰው ሁሉ በሥራ ላይ ነው። ለእሱ ግን ሌሊት ነበር። ቀን ይተኛል፣ ማታ ነጋ ብሎ ይነሳል። ጆንያውን የሰቀልኩት አጠገባችን ካለው ሆቴል ማታ ማታ የሚገባውን መብራት ለመከልከል ነው። ጨለማውን ካየ ሌሊቱን ሌሊት ይለው ይሆናል ብዬ። ሽታውን የማውቀው ግን ከጓሯችን ዶሮ ቤት ነው። በዚያ ዘመንም ጾም ሲገባ መስኮት በጆንያ እንሸፍን ነበር። ያኔ ጨለማውን የምናደርገው ለዶሮዎች ነው።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከተማዋን ናዝሬት ይላታል። አዳማ የሚሏት ገመቹና ከወለንጪቲ ማሽላ በአህያ ጭነው የሚመጡ ዘመዶቹ ነበሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የናይለን ቀሚስና ተረከዙ ወፍራም የሆነ ጫማ ነበረኝ፤ በዚያ ጫማ ከባቡር ጣቢያው እስከ ፖስታ ቤት ድረስ ባለው ጥላ ሥር መሄድ ደስ ይለኝ ነበር። በየአጥሩ ላይ ወይን ጠጅ አበባ ተንዠርግጓል፤ በየሻይ ቤቱ በር ላይ ሬዲዮ ይዘፍናል፤ አንዱን ዘፈን ከአንዱ ቤት ጀምረሽ ከሌላው ቤት ትጨርሺዋለሽ። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው እንቁላል በመሐረቡ ቋጥሮ ይመለሳል። ዛሬ አንዱ እንቁላል በዚያን ጊዜ ዶሮዋን ከነነፍሷ በሚያስገዛ ገንዘብ ሲሸጥ ሳይ ዋጋውን ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ሻጮቹም ይስቁብኛል። ገመቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የዶሮ እርባታ የመብራት ሠራተኛ ነበር። ካኪ ኮት ይለብሳል፤ ኪሱ ውስጥ ካቻቪቴና ፒንሳ አይጠፋም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁ የመጣው ለኮቱ የኪስ ጨርቅ ሊገዛ ነው፤ ካቻቪቴው ኪሱን እየቀደደ ስላስቸገረው። ከተጋባን በኋላ ያንን ኪስ ስንት ጊዜ እንደሰፋሁት አላውቅም።

እርባታው ውስጥ ሥራው መብራት ማብራትና ማጥፋት ነበር ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሥራ አልመሰለኝም። ሊነጋጋ ሲል፣ ከወፎቹ በፊት ይነሳል፤ ሄዶ በየቤቱ አምፖሉን ያበራል፤ ነጫጮቹ የፈረንጅ ዶሮዎች ነጋ ብለው ከማረፊያቸው ይወርዳሉ፤ መብላት ይጀምራሉ። ማንቂያ ሰዓት አልነበረንም። እሱ ግን አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። እንዴት እንደሚያደርገው ስጠይቀው ደረቱን ነካ ያደርጋል። ስለ ዶሮዎቹ ግን ማውራት ይወዳል። «ዶሮ የቀን መቁጠሪያ የላትም» ይለኝ ነበር። «ዕድሜዋን፣ ጊዜዋን፣ የምትጥልበትን ወራት፣ ሁሉን የምታውቀው ከብርሃን ነው። ቀኑ ረዘም ሲልባት ዓለም ደኅና ነው ብላ ትጥላለች። ሲያጥርባት ክፉ ጊዜ መጣ ብላ ትሰበሰባለች፤ ላባዋን ታረግፋለች።» አንድ ቀን ከእርባታው ሐኪም የሰማውን ይዞ መጣ፤ ዶሮ ብርሃንን የምታውቀው በዓይኗ ብቻ አይደለም፣ በራስ ቅሏ በኩልም ዘልቆ ይሰማታል የሚል ነው። እኔ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ስላልተማርኩ አላመንኩትም። ኋላ ላይ እውነት መሆኑን አነበብኩ።

ከዚያ ወዲህ የሚያየው ሁሉ በዚህ ዓይን ሆነ። ባቡር ጣቢያው ፊት ከሚቆሙት ጋሪዎች የአንዱ ፈረስ ምሳ ሰዓቱ ሲደርስ ተሳፋሪ ይኑር አይኑር ወደ ቤቱ ይዞር ነበር። አንድ ጊዜ እኔና እሱ ለሠርግ ለብሰን ተሳፍረን ሳለ ፈረሱ መንገዱን ለቆ እኛን ከነልብሳችን ባለጋሪው ግቢ፣ ገለባው ፊት አስገባን። ባለጋሪው አፈረ፤ ገመቹ ግን ከሳቁ የተነሳ መውረድ አቃተው። «ምን ታደርገዋለህ፣ ሰዓቱ ደርሷል!» ይላል። ለዶሮ የሚሆን በቆሎ ልንገዛ አዳሚ ቱሉ ስንሄድ ደግሞ ዝዋይ ወርደን ሐይቁ ዳር ያስቆመኝና አባ ኮዳዎቹን ያሳየኛል። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ገና በዓይን ሳይታይ እነዚያ ራሰ በራ ወፎች እንደ ዳኛ ተሰልፈው ይቆማሉ። «ማን ነገራቸው?» ይለኛል። እኔ ዓሣ መብላት ነበር የፈለግሁት።

የራሳችንን ዶሮ ቤት ጓሮ የሠራነው ልጃችን ሰናይት ስትወለድ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፤ መብራቱን እሱ ራሱ አስገባ። ዶሮዎቹ ጥሩ ይጥሉ ነበር። ችግራችን ጾም ነበር። የዐቢይ ጾም ከገባ ማን እንቁላል ይገዛል? መኖው ግን አይጾምም፤ ፉርሽካና ፋጉሎው እንደ ወትሮው ያልቃል። እንቁላሉ በየቅርጫቱ ይቆያል፤ ፋሲካ ደርሶ ሰው ሁሉ እንቁላል ሲፈልግ ዶሮዎቹ ደክሟቸው መጣል ይቀንሳሉ። ገመቹ ይህን ሲያሰላስል ከርሞ አንድ ዓመት በቅበላ ማግሥት ጆንያ ተሸክሞ መጣ። መስኮቶቹን ሸፈነ፤ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፈ፤ አምፖሉን ነቀለ፤ መኖውንም ቀነስ አደረገ። «እኛ ስንጾም እነሱም ይጾማሉ» አለ። ደብረ ዘይት የሚባለው እሑድ፣ የጾሙ እኩሌታ፣ እስኪደርስ በጨለማ ቆዩ። መጣል አቆሙ። ላባቸው ረገፈ፤ ዶሮ ቤቱ ሲከፈት ነጭ ላባ እንደ ጥጥ ይበናል። ከደብረ ዘይት በኋላ ጆንያው ተነሳ፤ አምፖሉ ተመለሰ፤ ገመቹም ሊነጋጋ ሲል እየተነሳ ያበራላቸው ጀመር። አዲስ ላባ አበቀሉ። በሆሣዕና ሰሞን የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ታዩ። ቅዳም ሹር ዕለት ራሱ ላይ ቄጤማ ያሰረ ሰው ሁሉ በራችን ላይ ተሰልፎ ነበር።

አጥር የምንጋራት ፋጡማም ዶሮ ታረባ ነበር። የእሷ የሀበሻ ዶሮዎች በየግቢው የሚንከራተቱ ናቸው። በጾሙ ወራት በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ፣ «አስካለ፣ ዶሮዎቻችሁ ዛሬም አልጣሉም?» ትለኛለች።

ገመቹ ከውስጥ፣ «ጾም ላይ ናቸው» ይላል።

«ወላሂ እነዚህ ዶሮዎች ቆርበዋል! የእኔዎቹ አንድ ሮመዳን እንኳን ጾመውልኝ አያውቁም።»

«አንቺም መብራት አስገቢላቸው።»

«መብራት ካስገባሁማ ባሌ አንቺስ ለምን አትጥዪም ይለኛል!»

ይህ ቀልድ በየዓመቱ ይደገም ነበር፤ በየዓመቱም እንደ አዲስ እንስቅበት ነበር። በአገሩ ብዙ ነገር ይለዋወጣል፤ ሬዲዮው የሚያወራው ይለዋወጣል፤ አንድ ሰሞን ስኳር ይጠፋል፣ አንድ ሰሞን ላምባ። መብራት ለቀናት የጠፋበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ገመቹ ፋኖስ ይዞ ዶሮዎቹ መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያነጋል። ሲመለስ ልብሱ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ ቅንድቡ ላይ ላባ አለ። እኔ ውኃ አሞቅለታለሁ።

አንድ ነገር ግን አልወደውም ነበር። ሁሉም ዶሮ ከጨለማው አይመለስም። መብራቱ ሲበራላቸው አብዛኞቹ ነጋ ብለው ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ብርሃኑን እያዩ እንደተቀመጡ ይቀራሉ። ላባ ያበቅላሉ፣ እህል ይለቅማሉ፣ ጤነኞች ይመስላሉ፤ ብቻ አይጥሉም። ገመቹ እየያዘ በጣቶቹ ዳሌያቸውን ይለካል፤ አጥንቱ የጠበበውን ለብቻ ያስቀምጣል። እነዚያ እግራቸው ታስሮ በበዓሉ ዋዜማ ገበያ ይሄዳሉ። ሥራው እንዲህ ስለሆነ ማንም ክፉ አይለውም፤ እኔም አላልኩም። እግራቸውን የሚያስረው እሱ ራሱ ነበር።

እርባታው ተዘጋ። ሰናይት አድጋ አዲስ አበባ ተማረች፤ እዚያው ሥራ ያዘች፤ አገባች። የባቡሩ ፉጨት ቀረ፤ ጋሪው በባጃጅ ተተካ፤ የፋጡማ ባል ሞተ። መኖ ተወዶ እኛም ዶሮ ማርባት ተውን። ገመቹ ግን ሊነጋጋ ሲል መነሳቱን አልተወም። ኮቱን ለብሶ ባዶው ዶሮ ቤት ደጃፍ ይቀመጣል፤ ሲነጋ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። ይህ ለዓመታት አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሰዓቱ መንሸራተት ሲጀምር ነው። ቀስ በቀስ እየቀደመ ሄደ። አጥሩ አጠገብ ደግሞ ባለ ፎቅ ሆቴል ተሠራ፤ ስሙ በሰማያዊ መብራት ተጽፎ ሲመሽ ይበራል፤ ግቢያችን በዚያ ብርሃን የንጋት መልክ ይይዛል። ገመቹ ከሰዓት በኋላ የተኛውን እንቅልፍ ጨርሶ በመምሻው ይነሳና፣ «እንደምን አደርሽ፣ አስካለ» ይለኛል። መጀመሪያ እየሳቅሁ አረምኩት። ኋላ ማረም ተውኩ፤ «ደኅና አደርኩ» እለዋለሁ። ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ሙሉ ሰው ነበር። ስሜን ያውቃል፤ ስለ እርባታው ያወራል፤ የወለንጪቲ እናቱ በኦሮምኛ ትነግረው የነበረውን ተረት ይተርትልኛል፤ ያንን ገለባው ፊት ያስገባንን ፈረስ ያስታውሳል። ሕመሙ ሐኪም ቤት የመርሳት በሽታ የሚል ስም ወጥቶለታል፤ በመምሻው ግን ስሙን የሚመስል ነገር አላይበትም ነበር።

ሆቴሉ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ የተቀበለኝ ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እናቴ፣ መብራቱ እኮ የሆቴሉ ስም ነው» አለኝ። «ከጠፋ ሰው ተዘጋ ይላል።»

«ባለቤቴ አይተኛም።»

«መጋረጃ ቢያደርጉበትስ? ወፍራም አለ፤ እኛ ለእንግዶቻችን የሰቀልነው ዓይነት። ቅንጣት አያስገባም።»

አመስግኜው ወጣሁ። የመጋረጃውን ዋጋ አልጠየቅሁም፤ ጆንያ ነበረኝ።

ቅበላ ሊደርስ ሲል ገመቹ ከቤት ወጣ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ በሩን ከፍቶ ሄደ። ያመጣልኝ የባጃጅ ነጂ ከወለንጪቲ መንገድ ዳር ነው ያነሳው። «እማማ፣ ከአይሱዙ ተርፈው ነው» አለኝ ልጁ። «ወዴት ነው ጋሼ ስላቸው ለሥራ ረፈደብኝ ይላሉ። ምን ሥራ፣ መሽቷል እኮ ብላቸው ተቆጡኝ።» ገመቹ ከባጃጁ ወርዶ ነጂውን በአክብሮት እጅ ነሳው፤ «ተባረክ፣ ነገም በዚህ ሰዓት ናልኝ» አለው።

ሰናይት በማግሥቱ መጣች። ልጄ ክፉ አይደለችም። የአባቷን ጥፍር ቆረጠችለት፤ ጠጉሩን አስተካከለችለት፤ ከዚያ እኔን ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«እማዬ፣ አዲስ አበባ አንድ ቤት አይቻለሁ። አዛውንቶች የሚጠበቁበት ነው። ንጹሕ ነው፤ ነርሶች አሉ፤ በሩ ይቆለፋል።»

«እኔስ?»

«አንቺ እኔ ጋ ትሆኛለሽ። እሑድ እሑድ እየሄድን እንጠይቀዋለን።»

መጠየቅ ለታመመና ለታሰረ ነው። «ጊዜ ስጪኝ» አልኳት።

«እስከ ፋሲካ» አለችኝ። «በፋሲካ መጥቼ አየዋለሁ። ሌሊት የሚተኛ ከሆነ እሺ። ካልሆነ ግን ከመኪና ሥር እስክናነሳው አልጠብቅም።»

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ታጋሽ ናት። «እማማ፣ ሰውነታችን ውስጥ ሰዓት አለ» አለችኝ። «ሁላችንም ውስጥ አለ። የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ነው። የእሳቸው ተዛብቷል። መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ይህን ይሞክሩ፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ ያስቀምጧቸው፣ ቀን እንዳይተኙ ያድርጉ፣ ማታ ክፍሉ ጨለማ ይሁን።» እሺ አልኳት። ይህን ሥራ እንደማውቀው ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ገመቹ አጠገቤ ስለተቀመጠ ተውኩት።

ጆንያውን የሰቀልኩት በዚያ ቀን ነው።

በቀላሉ አልሆነም። ገና እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ነግቶ አስነሳዋለሁ፤ ግድግዳውን አስደግፌ በርጩማ ላይ ፀሐይ ፊት አስቀምጠዋለሁ። ራሱ ወደ ደረቱ ይወድቃል። አነቃዋለሁ። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። እንደገና ይወድቃል። ሕፃን እንኳን እንዲህ አይደረግም። አንድ ጠዋት ዓይኑን ሳይከፍት፣ «አስካለ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለኝ። እጁን ይዤ ግቢውን አዞርኩት። እግሬ ሲደክም ፋጡማ ትመጣለች። እሷም አርጅታለች፤ በከዘራ ነው የምትሄደው፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው።

«ገመቹ! አንተ እንቅልፋም! የእኔ ዶሮዎች ከአንተ ዶሮዎች ይበልጡ ነበር።»

ቀና ይላል። «ውሸታም! የአንቺ ዶሮ ከዓመት ዓመት አንድ እንቁላል፣ እሱንም አይጥ ይበላው ነበር።»

«አይጡም ከአንተ ዶሮ ይሻል ነበር!»

እንዲህ እያሉ ረፋዱ ያልፋል። ፋጡማ ስትወጣ በሩ ላይ ትቆምና፣ «ሲሰድበኝ ደስ ይለኛል፤ ነቅቷል ማለት ነው» ትለኛለች።

የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ሳይሆን አይቀርም፣ በመምሻው እራት በልቶ መኝታ ቤት አስገባሁት። መስኮቱ ፊት ቆመ። ጆንያውን እስከዚያ ቀን ልብ ብሎ ያየው አይመስለኝም። እጁን ሰደደና ዳሰሰው። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጾም ገባ እንዴ?»

«ገብቷል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በሁለቱም በኩል ጠርዙን እየዳሰሰ ሄደ፤ ከላይ በኩል ሰማያዊው ብርሃን በቀጭኑ የሚገባባትን ቦታ አገኛት። «እዚህ ጋ ያስገባል» አለ። «ትንሽ ቀዳዳ ትበቃለች። በራስ ቅላቸው ነው የሚያዩት ብዬሽ አልነበረም?» ፎጣዬን ከትከሻዬ ላይ ወሰደ፣ አጠፈ፣ ወንበር ላይ ልውጣ አለ፤ ደግፌው ወጣ፤ ቀዳዳዋን ወተፋት። ክፍሉ ጨለመ። በጨለማው ውስጥ ትከሻዬን ይዞ ወረደ፤ እጁንም አላነሳም።

«አስካለ፣ ያልተመለሱትን ምን አደረግናቸው?»

«የትኞቹን?»

«መብራት ሲበራላቸው ያልጣሉትን።»

ፊቱን ማየት አልችልም ነበር። እሱም የእኔን አያይም። «ጓሮ ለቀቅናቸው» አልኩት። «እህል እየለቀሙ ኖሩ።»

እጁን ከትከሻዬ አነሳ። «ጥሩ አድርገናል» አለ በመጨረሻ፤ ራሱ አልጋውን ፈልጎ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተሳካ ማለት ይቻላል። ሌሊቱን መተኛት ጀመረ። ሳነቃው ይነቃል፤ ሳስቀምጠው ይቀመጣል። በደብረ ዘይት ሰሞን ቀን ላይ ማንቀላፋቱ ጠፋ። ሐኪሟ ደስ አላት። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን የመምሻው ሰው አብሮ ሄደ። እርባታው የለም፣ ተረቱ የለም፣ ፈረሱ የለም። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ፀሐይዋን ያያል፤ የቀረበለትን ይበላል። ፋጡማ መጥታ ዶሮዎቹን ብትሰድብበት በትሕትና ፈገግ ይልላታል። አንድ ቀን ከዘራዋን ይዛ ቶሎ ተነሳች፤ «ዛሬ አልሰደበኝም» አለችኝና ሄደች፤ በማግሥቱ አልመጣችም። በሆሣዕና ዕለት ገመቹ ከበርጩማው ሆኖ ጠራኝ። «ወይዘሮ፣ አያስቸግርዎትና ትንሽ ውኃ ቢሰጡኝ» አለኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል በማይቀረው ትዳራችን አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ውኃውን ሰጠሁት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ሰናይት በፋሲካ ከባሏ ጋር መጣች። ሌሊቱን ሳሎን ተኝታ ስትሰማ አደረች፤ የአባቷ ድምፅም አልተሰማም። ጠዋት ለብሶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አባዬ፣ እንኳን አደረሰህ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን፤ እንግዶቹ ይግቡ» አላት።

ሳቀች፤ የቀለደ መሰላት። ወጥ ቤት መጥታ አቀፈችኝ። «እማዬ፣ ተአምር ነው የሠራሽው። እንዴት አደረግሽው?» አለችኝ። ብርሃን ነው አልኳት። «ይኸው፣ ሰው ሆነ እኮ!» አለች። በመኪናዋ መስኮት እጇን እያውለበለበች ስትሄድ ለወራት ያላየሁባት ደስታ ፊቷ ላይ ነበር። ባለቤቴ ቀረልኝ። ለዚህ ነበር የደከምኩት። በሩን ዘግቼ ስመለስ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሰው አየሁት። ንጹሕ ነው፤ ጤነኛ ይመስላል። ተነስቶ መቀመጫውን ለቀቀልኝ፤ ለማያውቋት አሮጊት እንደሚለቀቅ።

ዳግማ ትንሣኤ እስኪያልፍ ታገስኩ። ከዚያ ጆንያውን አወረድኩ። ከምሳ በኋላ ሲያንቀላፋ አላነቃሁትም። መጀመሪያ ምንም አልመጣም፤ ቀንም ሌሊትም መደባለቅ ብቻ ሆነ፤ በጣም ፈራሁ። ጨለማው ወስዶት የቀረ መሰለኝ። አንድ ቀን ግን የሆቴሉ መብራት ሲበራ፣ አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀምጦ፣ «አስካለ፣ ካኪዬን የት አደረግሽው? ኪሱን ሰፋሽልኝ ወይስ አልሰፋሽም?» አለኝ። ኮቱን አምጥቼ አለበስኩት። ኪሱን ተቀምጬ እሱ እያየኝ ሰፋሁት። እጄ ዘገየ፤ እሱ አልቸኮለም።

አሁን በእሱ ሰዓት እንኖራለን። ሲመሽ ቁርስ አቀርባለሁ፤ ሲነጋ እንተኛለን። ቅዳሴ ከሄድኩ ቆየሁ። ገበያ የምትገዛልኝ ፋጡማ ናት፤ ወደ ማምሻው መጥታ እየተሳደቡ ሻይ ይጠጣሉ፤ ይህ ሰዓት ለእሷ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ያዞረኛል፤ አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በፀሐይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰውነቴ ይህን አልለመደም፤ የሚለምድም አልመሰለኝም። ለስንት ጊዜ እንደምችለው አላውቅም።

ሰናይት ስልክ ደወለች። ድምፄን ስትሰማ ገባት።

«እንደገና ጀመረው?»

«አዎ።»

«እማዬ፣ ተስማምተን አልነበረም? ቢወጣስ?»

«አይወጣም። የግቢውን በር ቆልፌዋለሁ።»

በጣም ቀስ ብላ፣ «እኔ ያየሁት ቤትም እኮ የሚቆለፍ ነው» አለችኝ። «እኔን እንደ ክፉ አየሽኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ጥያቄዋ ልክ ነበር። ቁልፉ በክር አንገቴ ላይ ነበር። ገመቹ በሌላው ክፍል ሆኖ ሻይ እንዳፈላለት ይጠራኛል፤ በስሜ።

«እኔም ውስጥ ነኝ» አልኳት።